ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ለፊዚዮቴራፒ ከፍተኛ ትምህርት ስለሚያመለክቱ ተማሪዎችና ስለ መምህሩ ምስክርነት

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከእኛ ሥራ የራቀ ይመስል ይሆናል። ይኸውም በአሜሪካ አገር ወደ ፊዚዮቴራፒ ከፍተኛ ትምህርት ለመግባት ስለሚቀርበው ማመልከቻ ነው። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ መምህራንን ምን አገባቸው?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከእጃችን የወጡ ልጆች፥ አንዳንዶቹም የባዮሎጂ ወይም የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ሆነው ካገለገሉ በኋላ፥ ወደዚህ ሙያ ለመሻገር ሲነሡ በመጀመሪያ ደጅ የሚጠኑት እኛን ነው። የትምህርት ማስረጃቸውን የሚጠይቁት ከእኛ መዝገብ ቤት ነው፤ የምስክርነት ደብዳቤም የሚለምኑት እኛን ነው። ስለዚህ ማመልከቻው የተማሪው ቢሆንም ግማሹ ሸክም በእኛ ትከሻ ላይ መውደቁን መካድ አይቻልም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድሜ ሙያው ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም ማመልከቻው ምን እንደሚጠይቅ፥ በመጨረሻም የመምህሩ ድርሻ የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

በአገራችን አጥንቱ የተሰበረ ወይም ጅማቱ የዞረ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ስሙ በሕዝቡ አፍ ስለ ለመደ፥ ዛሬም በኳስ ሜዳ ቦርሳውን ይዞ ወደ ተጎዳው ተጫዋች የሚሮጠውን ሰው «የቡድኑ ወጌሻ» እንለዋለን። ከዚህም የተነሣ ልጃቸው ፊዚዮቴራፒ እማራለሁ ሲላቸው «ወጌሻ ለመሆን ይህን ያህል ዘመን መማር ያስፈልጋልን?» ብለው የሚገረሙ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። የወጌሻን እጅ ማቃለል አይገባም፤ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ፊዚዮቴራፒ የተሰበረውን መልሶ ከመግጠም የተለየ ሥራ ነው። አጥንቱ ከተገጠመ፥ ቁስሉም ከዳነ በኋላ፥ ሰውየው እንደገና እንዲቆም፥ እንዲራመድ፥ በእጁም ጎርሶ እንዲበላ የሚያደርገው ትዕግሥት የተሞላ ትምህርት ነው። በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግማሽ አካሉ የደከመበት ሽማግሌ፥ እግሩ ተጣሞ የተወለደ ሕፃን፥ በመኪና አደጋ የጀርባ አጥንቱ የተጎዳ ጎልማሳ፥ ሁሉም የዚህ ሙያ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪዎች ማለቴ ለማሳመር አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያዝዘውን እንቅስቃሴ በየቀኑ የሚፈጽመው ሕመምተኛው ራሱ ስለ ሆነ፥ ሳያስተምሩ ማዳን የማይቻልበት ሕክምና ነው።

ሙያው በሥርዓት መደራጀት የጀመረው ስሙን ከማስከበር ጋር ነው። በ1894 በሎንዶን ከተማ አራት ነርሶች ተሰብስበው የሠለጠኑ የማሸት ባለሙያዎች ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማቸውም ያልተማረና ምግባሩ የማይታመን ሰው በሙያው ስም እንዳይነግድ፥ በፈተናና በመዝገብ ለመለየት ነበር። በአሜሪካ አገር ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉት ወታደሮች ብዛት አስገደደ። ሜሪ ማክሚላን የተባለች በእንግሊዝ አገር የሠለጠነች ሴት በ1918 በዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ሥራ ጀመረች፤ በ1921ም የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። የዓለሙ ማኅበር በ1951 በኮፐንሃገን ሲቋቋም መሥራቾቹ 11 የአገር ማኅበራት ነበሩ።

የእኛም አገር ሰው ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፥ በ1964ም በቶኪዮ በማራቶን ያሸነፉት በእግራቸው ነው። በ1969 በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ግን ራሳቸውን እንኳ ማዞር እስከማይችሉ ድረስ ተጎድተው ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰዱ። በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ከ1944 ጀምሮ የጀርባ አጥንታቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ሲያክሙ፥ ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አድርገውት ነበር። የሻምበል አበበ እግሮች ለመራመድ አልተመለሱም፤ እጆቻቸው ግን ተመለሱ። በ1970ም በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሰለፉ። ይህን የምጠቅሰው የጀግናውን ስም ለማስጌጫ ለመጠቀም አይደለም፤ ይህ ሙያ ለሰው የሚሰጠው ነገር ምን እንደ ሆነና ምንስ እንዳልሆነ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ያጣነውን ሁሉ አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያነሣል። ለዚህ ትምህርት የሚያመለክት ልጅ ይህን ልዩነት ሳያውቅ ቢገባ፥ ከመጀመሪያው የማይድን ሕመምተኛ ፊት ተስፋው ይቆረጣል።

በአገራችን በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ያደከማቸውን እጆችና እግሮች መልሶ ለሥራ በማብቃት የታወቀ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሠለጥናሉ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካው ማመልከቻ ልለፍ። በዚያ አገር ወደ ሙያው የሚያስገባው ዲግሪ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ እያለ መጥቷል። ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ በ1993 ለጀማሪዎች የዶክተርነት ትምህርት ከፈተ፤ ከ2016 መባቻ ጀምሮም እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ለጀማሪው የሚሰጠው ይህንኑ «ዶክተር ኦቭ ፊዚካል ቴራፒ» የተባለውን ዲግሪ ሆኗል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ የሚጀመረውም ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ለወላጆች ማስረዳት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ይህ ዶክተርነት መድኃኒት የሚያዝዝና ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪም አያደርግም፤ በምርምር የሚገኘው የፍልስፍና ዶክተርነትም አይደለም። የሙያ ዲግሪ ነው። ከዚህም በኋላ ተመራቂው የአገር አቀፉን የፈቃድ ፈተና አልፎ፥ ሊሠራበት ከሚፈልገው ክፍለ ግዛት ፈቃድ ማግኘት አለበት።

አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ፒ.ቲ.ካስ በሚባለው ማዕከላዊ አገልግሎት በኩል ነው። የየዓመቱ ማመልከቻ የሚከፈተው በሰኔ ወር ሲሆን፥ የመዝጊያው ቀን እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ብዙዎቹም ማመልከቻዎችን በደረሱበት ቅደም ተከተል እየመረመሩ ቦታ ስለሚሰጡ፥ የመጨረሻውን ቀን የሚጠብቅ አመልካች በሩ ሳይዘጋ ወንበሩ ሊያልቅበት ይችላል። የሚጠየቁትም ነገሮች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፥ አስቀድመው የተወሰዱ የሳይንስ ትምህርቶች፥ የውጤት ማስረጃ፥ በባለሙያ ሥር ሥራውን የተመለከቱበት ሰዓት፥ በራስ እጅ የተጻፈ ድርሰት፥ የምስክርነት ደብዳቤ፥ በብዙ ቦታም ቃለ መጠይቅ። ከውጭ አገር ለሚመጣ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናና የማስረጃ ግምገማ ይጨመራል።

እነዚህን አንድ በአንድ ስንመለከት የመምህሩ ድርሻ በእያንዳንዱ ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያው የትምህርት ምርጫ ነው። የመጀመሪያው ዲግሪ በየትኛውም ዓይነት ትምህርት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ትምህርት ቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ባዮሎጂን፥ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን እያንዳንዱን በሁለት ተከታታይ ኮርስ ከነቤተ ሙከራው፥ የሰውነት አሠራርንና ተግባሩን፥ ስታትስቲክስንና ሥነ ልቡናን ይጠይቃሉ። ከነዚህ ሁሉ ልጆቻችን የሚወድቁበት ጉድጓድ ፊዚክስ ነው። የባዮሎጂ ተማሪ «ፊዚክስ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። እኛም ብዙ ጊዜ ዝም እንለዋለን። ነገር ግን ክርን ማለት ማጠፊያ ያለው ማንሻ ነው፤ ጡንቻ ኃይል ነው፤ የታመመ ጉልበት ያለው ሰው ምርኩዙን በየትኛው እጁ መያዝ እንዳለበት የሚነግረን የሚዛን ሕግ ነው። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ መሆኑን ስንቱ ተማሪያችን ያውቃል? ይህን በአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ የሚያስተምር መምህር፥ ሳያውቀው ለዚህ ሙያ በር ይከፍታል።

ሁለተኛው የማስረጃ ነገር ነው። ከአገራችን የተገኘ ውጤት በዚያ አገር ሚዛን እንዲታይ፥ እያንዳንዱ ኮርስ በስሙ፥ በሰዓቱና በውጤቱ ተዘርዝሮ በገምጋሚ ድርጅት መመርመር ይኖርበታል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ መሠረታዊዎቹ የሳይንስ ትምህርቶች በአሜሪካ ኮሌጅ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ተማሪው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ደንብ ማንበብ አለበት። የእኛ መዝገብ ቤት ደግሞ የኮርሱን ስም በአንድ ወረቀት በአንድ ዓይነት፥ በሌላው በሌላ ዓይነት የጻፈ እንደ ሆነ፥ የተማሪው ስም በአንዱ ላይ በአባቱ፥ በሌላው ላይ በአያቱ የታተመ እንደ ሆነ፥ በሩቅ አገር ያለ ገምጋሚ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያያል። ለእኛ ትንሽ የምትመስል የጸሐፊ ቸልተኝነት ለልጁ የአንድ ዓመት ዕድሜ ናት። ሹማምንት ሆይ፤ ይህ ክፍል በተለይ እናንተን ይመለከታል።

ሦስተኛው ሥራውን በዓይን የማየት ጉዳይ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች አመልካቹ በተፈቀደለት ባለሙያ ሥር የተወሰነ ሰዓት ተገኝቶ እንዲመለከት ያስገድዳሉ፤ ሌሎቹ አያስገድዱም። ቢያስገድዱም ባያስገድዱም ተማሪው ሳያይ መሄድ የለበትም። ባሕር ማዶ ከመሻገሩ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ሄዶ፥ አስፈቅዶ፥ በጸጥታ ጥግ ይዞ ይቁም። በዚያ የሚያየው የሚያኮራ ነገር ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ለሳምንታት ተመላልሳ የልጅዋ አንገት በጥቂቱ ሲጸና፥ አንድ አዛውንት ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር ግማሽ ቀን የሚያህል ላብ ሲያፈስሱ ያያል። ይህ ካሰለቸው በጊዜ ያውቀዋል፤ ከማረከውም የሚጽፈው ነገር ያገኛል። ማስታወሻ እንዲይዝ እንንገረው፤ ነገር ግን የሕመምተኛ ስም በደብተሩ ላይ እንዳያሰፍር አጥብቀን እናስጠንቅቀው። የሰው ገመና መጠበቅ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነውና።

አራተኛው ድርሰቱ ነው። እዚህ ላይ የልጆቻችን ብቻ ሳይሆን የማስተማር ዘዴያችንም ጉድለት ይገለጣል። ከክፍላችን የለመዱት ስለ ሰፊ ነገር በሰፊ ቃል መጻፍን ነው። «ፊዚዮቴራፒ ለሰው ልጅ ያለው ጥቅም» ብንላቸው አራት ገጽ ይሞላሉ፤ «ምን አየህ?» ብንላቸው ብዕራቸው ይቆማል። ስለዚህ ድርሰታቸው «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ወገኔን ለመርዳት እመኝ ነበር» ብሎ ይጀምርና «ድሃ አገሬን አገለግላለሁ» ብሎ ያልቃል። ምኞቱ ቅዱስ ነው፤ ነገር ግን ሺህ ሰው ሊፈርምበት ይችላል። መርማሪዎቹ የሚፈልጉት ያ አንድ ሰው ያየውን፥ ያደረገውን፥ ከዚያም የተረዳውን ነው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ምን አየህ? ምን አደረግህ? ምን ገባህ? ድርሰቱን እኛ ልንጽፍለት አይገባም። ጥያቄውን እየጠየቅን መልሱን እስኪያገኝ መታገሥ ግን መምህርነታችን ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የምስክርነት ደብዳቤ ነው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ደብዳቤያችንም እንዲሁ ነው፤ ልጁን እስከ ደጁ ያደርሰዋል፤ ገብቶ የሚዋጋው ራሱ ነው። ይሁን እንጂ ፈረሱ አንካሳ ከሆነ ጦረኛው ከሜዳው አይደርስም። የእኛ ደብዳቤ አንካሳ የሚሆነው ደግሞ ተማሪውን ስለ ነቀፈ አይደለም፤ ስለ ምንም ስላልተናገረ ነው። «ትጉህ፥ ታዛዥ፥ ጨዋና ምስጉን ጠባይ ያለው ተማሪ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንቶቻችን ጽፈናል? በስንት ስምስ ላይ ደጋግመን አኑረነዋል? በሩቅ አገር ያለው መርማሪ እኛን አያውቀንም፤ ትምህርት ቤታችንንም አያውቅም። ምስጋናችን ለእርሱ ዋጋ የሚኖረው በሥራ የተደገፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ሌላም የሚያሳፍር ልማድ አለ። ተማሪው ደብዳቤውን ራሱ አርቅቆ ይመጣል፤ መምህሩም ጊዜ ስለሌለው፥ ወይም እንግሊዝኛው ስለሚከብደው፥ ወይም ይሉኝታ ስለ ያዘው ይፈርማል። በፒ.ቲ.ካስ ሥርዓት ደብዳቤው ከመስካሪው ዘንድ በቀጥታ የሚላክ ነው፤ አመልካቹም ደብዳቤውን የማየት መብቱን ይተው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። የሥርዓቱ መሠረት መስካሪው ነጻ ሆኖ እውነቱን ይናገራል የሚል እምነት ነው። ራሱ ስለ ራሱ የመሰከረ ሰው ደብዳቤ በሌላ ሰው ስም ቢላክ ግን፥ ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ ማታለል ይሆናል።

ይህን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ቀድሞ ያሠለጠንኋት፥ በኋላም በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘች አንዲት መምህርት ለዚህ ትምህርት ልታመለክት መጣች። በእጅዋም የተዘጋጀ ደብዳቤ ይዛ ነበር። «ጋሼ፥ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ ብቻ ይፈርሙልኝ» አለችኝ። ደብዳቤው በሕይወቴ ካስተማርኋቸው ሁሉ እርስዋ አንደኛ እንደ ሆነች ይናገራል። አንደኛ አልነበረችም። «ይህን አልፈርምም፤ ያየሁትን ግን እጽፍልሻለሁ» አልኋት። ፊትዋ ጠቆረ።

ያየሁት ነገር ይህ ነበር። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለች፥ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፥ እግሩ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው አንድ ልጅ ነበር። ከእርስዋ በፊት የነበረው ልማድ ልጁን ዳር አስቀምጦ የጓደኞቹን ሹራብ ማስጠበቅ ነበር። እርስዋ ግን በመጀመሪያ ወላጆቹን አስጠርታ ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱት ለመነች። ከዚያ ባለሙያው ያዘዘለትን እንቅስቃሴ ወረቀቱን ተቀብላ፥ ከታዘዘው ምንም ሳትጨምር፥ ሌሎቹ ሲሮጡ እርሱ ያንኑ እንዲሠራ አደረገች። በየጊዜውም ስንት ደረጃ እንደ ወጣ በደብተርዋ ትጽፍ ነበር። ደብተሩን እንደ ተቆጣጣሪ መምህር ስመረምር ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጁ የተሻለበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የባሰበትንም ቀን እኩል ጽፋዋለች። ደብተርዋን የሚያይ መምህር እንደሚኖር እያወቀች አንዱንም መጥፎ ቀን አልዘለለችም።

ይህን ጻፍሁ። ከዚያም በብዙ ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ እንደሚሰበር፥ በልምምዱም ወራት ይህን ለማሸነፍ ጥራ በከፊል እንደ ተሳካላት ጨመርሁ። የምጽፈውን በቃል ስነግራት «ጋሼ፥ ድክመቴን ከጻፉማ ማን ይቀበለኛል?» አለች። እኔም «መጥፎውን ቀን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ታዲያ እኔ እንዴት ልደብቅ?» አልኋት። ጥቂት አሰበችና ረቂቅዋን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

ባልደረቦቼ፤ በዚያ ዓመት አንድም ትምህርት ቤት አልተቀበላትም። ምክንያቱ ደብዳቤው አልነበረም፤ ሁለተኛው የፊዚክስ ኮርስ ጎድሏት ነበር። አሁን ያንን በማሟላት ላይ ናት። ይህን የምነግራችሁ እውነተኛ ደብዳቤ ሁልጊዜ በር ይከፍታል ብዬ እንዳታልላችሁ ስለማልፈልግ ነው። አይከፍትም። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ስታመለክት፥ እኔ የጻፍሁት ደብዳቤ አንድ ቃል ሳይለወጥ ሊላክ ይችላል። የሐሰት ምስክር በየዓመቱ መታረም አለበት፤ እውነተኛው ግን ያኖሩት ቦታ ይገኛል።

«ይህ ጭካኔ ነው፤ ሌላው ሁሉ እያጋነነ ሲጽፍ የእኛ ልጅ ብቻዋን በእውነት ለምን ትጎዳ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። በመጀመሪያ፥ መርማሪዎቹ ብዙ ደብዳቤ ስለሚያነቡ ያልተመሰከረበት ውዳሴ በዓይናቸው ቀላል ነው፤ የሚያቆማቸው በሥራ የታየው ነገር ነው። ሁለተኛ፥ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፥ የትምህርት ቤትም ስም ከአንድ ተማሪ በላይ ይውላል። ዛሬ በሐሰት የላክነው አንድ ልጅ፥ ነገ በእውነት የምንልካቸውን አሥር ልጆች ደብዳቤ ያረክሳል። ሦስተኛውና ዋነኛው፥ ይህ ትምህርት ሰው በሰው አካል ላይ እጁን የሚጭንበት ሙያ ነው። ነገ አንድ ሽባ አዛውንት ይህንን ባለሙያ ተደግፈው ይቆማሉ። እኛ ዛሬ የምንሰጠው ምስክርነት ለአመልካቹ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለማናውቃቸው ለእኚያ አዛውንትም የተሰጠ ነው።

አሁን በጎንደር ነገር ወደ ጀመርሁት ልመለስ። መምህር እውነቱን መናገር ያለበት ለመርማሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ለተማሪው ነው። የአሜሪካው ትምህርት ክፍያ ከባድ ነው። የአገሩ ልጆች እንኳ ብዙዎቹ በብድር ይማራሉ፤ የውጭ አገር ተማሪ ደግሞ ቪዛ ከመጠየቁ በፊት ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው ማስረዳት ይገደዳል። ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ አባት በፊታችን ቢቀርብ «ተስፋ አለው» ብሎ መሸኘት ቸርነት አይደለም። ሙያውን በአገር ውስጥ በመጀመሪያ ዲግሪ መማር እንደሚቻል፥ እንደዚሁም ተምሮ በኋላ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ከመነሻው መጀመር ላያስፈልገው እንደሚችል፥ ማስረጃው ተመርምሮ ከአገሩ ትምህርት ጋር የተመጣጠነ ሆኖ ሲገኝ ለፈቃድ ፈተናው ሊቀርብ እንደሚችል እንንገረው። ምርጫው የቤተሰቡ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ ብቻ መስሎት የሚመርጥ ሰው መረጠ አይባልም።

በአሜሪካ ተወልደው ያደጉ የወገኖቻችን ልጆችም አሉ። እነርሱን የሚያስቸግራቸው የማስረጃው ነገር ሳይሆን የወላጅ ምኞት ነው። አባትና እናት ሐኪም፥ ነርስ፥ ፋርማሲስት የሚለውን ያውቃሉ፤ ይህን ሙያ ግን በወጌሻ ስም ስለሚተረጉሙት ልጃቸው ዝቅ ያለ ይመስላቸዋል። እኛ በደብዳቤና በስልክ ዘመዶቻችንን የምናገኝ ሁሉ የሙያውን ክብር ብናስረዳ፥ ለነዚያ ልጆችም ካለንበት ሆነን ማመልከቻቸውን አገዝን ማለት ነው።

እንግዲህ ንግግሬን ለማጠቃለል፥ በየትምህርት ቤታችን ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን አራት ነገሮች ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፥ መዝገብ ቤቶቻችን የተማሪን ስምና የኮርስን ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አጻጻፍ ይያዙ። ሁለተኛ፥ የባዮሎጂና የሰውነት ማጎልመሻ ሠልጣኞች ፊዚክስን ከሰው አካል ጋር አያይዘው እንዲማሩ መምህራኑ ይተባበሩ። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ መምህር ስለ ሠልጣኞቹ ያየውን በቀኑ የሚጽፍበት ትንሽ ደብተር ይኑረው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደብዳቤ ሲለመን ከትዝታ ሳይሆን ከማስታወሻ ይጽፋልና። አራተኛ፥ ተማሪ ባረቀቀው ደብዳቤ ላይ መምህር እንዳይፈርም በመካከላችን ስምምነት ይደረግ። ደብዳቤ ለመጻፍ የማይችል ወይም ልጁን በሚገባ የማያውቅ መምህር በትሕትና «ከእኔ ይልቅ የሚያውቅህን ጠይቅ» ቢለው፥ ይህም ራሱ ታላቅ ውለታ ነው።

እነዚህ አራቱ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የአዲስ መሥሪያ ቤት መቋቋምም አያስፈልጋቸውም። የሚጠይቁት ልጁ ገና በክፍላችን ሳለ ዓይናችንን ከፍተን እንድናየው ነው።